ኦል-ኢን-ዋን ኢንቨርተር ወይስ የተለያየው? ሁለቱንም ቤቴ ገጥሜ ያየሁት

ሰሞኑን የሚደውልልኝ ሰው ሁሉ አንድ ጥያቄ ነው የሚጠይቀኝ፣ "ሶላር ላስገባ ነው፣ ኦል-ኢን-ዋኑን ልግዛ ወይስ የተለያየውን?" ለአንዱ ስመልስ ሌላው ይደውላል፣ የድምፅ መልእክት ስልክላቸው ደግሞ ግማሹን እረሳዋለሁ፣ ስለዚህ አንዴ ጽፌው ልገላገል ብዬ ነው።

ሻጭ አይደለሁም። በፊት የቴሌኮም ታወር ላይ ፓወር ነበር የምሰራው፣ አሁን ዩፒኤስ፣ ስታብላይዘር፣ የብየዳ ማሽን ምናምን እጠግናለሁ። ሁለቱንም ዓይነት በገዛ ገንዘቤ ገዝቼ አያት ሰፈር ያለው ቤቴ ግድግዳ ላይ ሰቅያለሁ፣ አንዱን ቀብሬ አሁን ከሌላው ጋር እየኖርኩ ነው።

ለማታውቁት ባጭሩ፣ ቤት ውስጥ ሶላር ለመጠቀም ከፓኔሉ የሚመጣውን አስተካክሎ ባትሪ ውስጥ የሚያስገባ ቻርጅ ኮንትሮለር ያስፈልጋል፣ የባትሪውን ዲሲ (በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚሄድ ጅረት) ወደ 220 ኤሲ (አቅጣጫው የሚለዋወጥ፣ የቤት መብራት ዓይነት) የሚቀይር ኢንቨርተር ያስፈልጋል፣ ፀሐይ በሌለ ጊዜ ባትሪውን ከመብራት የሚሞላ ቻርጀርም ያስፈልጋል፣ መብራት ሲሄድ ሲመጣ የሚቀያይር ስዊች ደግሞ አለ። ኦል-ኢን-ዋን የሚባለው እነዚህን ሁሉ አንድ ሳጥን ውስጥ፣ ብዙ ጊዜ አንድ ቦርድ ላይ ጠቅጥቆ ስክሪን ለጥፎበት የሚመጣው ነው። የተለያየው ደግሞ እያንዳንዱ ለብቻው ሳጥን ኖሮት አንተ በሽቦ የምታገናኘው።

ኦል-ኢን-ዋኑን የገዛሁት ጥር 2016 ነው፣ መርካቶ። 24 ቮልት፣ 3 ኪሎ ቪኤ (ለዋት የሚቀርብ የአቅም መለኪያ ነው) የሚል። ስሙን አልጠራም፣ መጥራቱም ብዙ ጥቅም የለው ምክንያቱም ተመሳሳይ ቦርድ በሌላ ስምና በሌላ ቀለም ሽፋን ሲሸጥ በዓይኔ አይቻለሁ፣ ጥገና ቤቴ ሁለት የተለያየ ስም ያላቸው ዕቃዎች መጥተው ክዳናቸውን ስከፍት መንትያ ነበሩ። ሻጩ "ወንድሜ፣ ሁሉም ነገር ውስጡ አለ፣ ሰቅለህ አራት ሽቦ ማሰር ነው" አለኝ። እውነቱን ነው። ቅዳሜ ጠዋት ጀምሬ ለምሳ ጨርሻለሁ። ሁለት 550 ዋት ፓኔል ቆርቆሮው ላይ፣ አንድ 100 አምፔር አወር ሊቲየም ባትሪ፣ በቃ። ማታ መብራት ሲሄድ ቲቪው እንኳን አልጠፋም፣ ልጆቹ መብራት መሄዱን ያወቁት የጎረቤት መስኮት ሲጨልም ነው። በዚህ በኩል ምንም እንከን አይወጣለትም። መቀያየሪያው ውስጡ ስለሆነ በ10 ሚሊሰከንድ ምናምን ነው የሚያዞረው፣ ኮምፒውተር ራሱ አይሰማውም።

ዋጋውም ጥሩ ነበረ። ያኔ ዶላሩ ገና አልተለቀቀም፣ ሐምሌ 2016 ከተለቀቀ በኋላ ዋጋ የጠየቀ ሰው የማወራውን ያውቃል።

መጀመሪያ የቆረቆረኝ ነገር ጠዋት ላይ የባትሪው መጠን ነው። ማታ ሁላችንም ተኝተን፣ ፍሪጁንም ነቅለን አየሁት፣ ጠዋት ባትሪው ጎድሎ ይጠብቀኛል። ማን በላው? ክላምፕ ሜትሬን (ሽቦ ሳይቆረጥ አምፔር የሚለካውን) አምጥቼ የባትሪው ሽቦ ላይ አሰርኩ፣ ምንም ጭነት ሳይኖር 40 ዋት አካባቢ እየወሰደ ነው። ሳጥኑ ራሱን ለማንቀሳቀስ ማለት ነው፣ ፋኑ፣ ስክሪኑ፣ ውስጥ ያለው ሀይ ቮልቴጅ ባስ (ዋናው የዲሲ መስመር)፣ ሁሉም እንደነቃ ያድራል። 40 ዋት በ24 ሰዓት ወደ 960 ዋት አወር ነው። የኔ ባትሪ ሙሉ በሙሉ ቢሞላ 25.6 ቮልት ሲባዛ 100 አምፔር አወር፣ 2560 ነው። ከሲሶ በላይ ለሳጥኑ ቀለብ! መብራት አብዛኛውን ጊዜ ላለበት ሰው ይሄ አይታወቀውም፣ ገጠር መብራት የሌለበት ቦታ አባቱ ቤት ሊያስገባ ለሚያስብ ግን ከዋጋው በፊት መጠየቅ ያለበት ይሄን ነው። ሻጮቹ ስንት ዋት እንደሚሸከም ይነግሩሃል እንጂ ስራ ፈትቶ ስንት እንደሚበላ ማንም አይነግርህም።

ሁለተኛው ድምጹ ነው። ፋኑ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ይጀምራል፣ እስከ አስር ሰዓት አያርፍም። እዚህ ላይ አንድ የማይወራ ነገር አለ፣ አዲስ አበባ ከባህር ወለል 2300 ሜትር በላይ ነው ያለነው፣ አየሩ ሳስቷል፣ ግፊቱ ከባህር ዳርቻ ሩብ ያህል ያንሳል። የሳሳ አየር ደግሞ ሙቀት ይዞ የመሄድ አቅሙ ያንሳል፣ ስለዚህ ፋኑ የባህር ዳርቻ አገር ሰው ከሚሰማው በላይ እዚህ ይሮጣል፣ ማኑዋሎቹም መጨረሻ ላይ በትንንሽ ፊደል ከዚህ ከፍታ በላይ ጭነት ቀንስ ይላሉ። እኛ ማኑዋል አናነብም፣ 3 ኪሎ ከተባለ 3 ኪሎ ነው። (ምጣድ ልሰካበት የሚል ሰው ካለ፣ አይሆንም ወዳጄ። ምጣድ ብቻውን ሦስት ኪሎዋት ተኩል ምናምን ነው። ሁለቱም ዓይነት ላይ አይሆንም። እንጀራ መብራት ሲኖር ይጋገራል።)

ሚያዝያ 2017፣ ከፋሲካ በኋላ። መብራት ከሰዓት ሄዶ ማታ አንድ ሰዓት ላይ መጣ፣ እንደመጣ ሄደ፣ እንደገና መጣ፣ እንዲህ ሦስት አራት ጊዜ። እኔ ደጅ ነበርኩ። ጧ የሚል ድምፅ፣ ከዛ የሚታወቀው ሽታ፣ የተቃጠለ ቦርድ ሽታ፣ የሚጠግን ሰው በህልሙም ይለየዋል። ስክሪኑ ሞቷል። ባለቤቴ "ፀሐዩ አለ አይደል፣ ነገ በፀሐይ ይሰራል" አለችኝ። ጠዋት ፀሐይ ወጣች፣ ሚያዝያ ሰማይ፣ ደመና የለ ምን የለ፣ ፓኔሎቹ ጣራ ላይ ተዘርግተው በነጻ የሚመጣውን 1100 ዋት መቀበያ የለም። ባትሪው ጤነኛ ነው፣ ፓኔሉ ጤነኛ ነው፣ መሀል ላይ ያለው አንድ ሳጥን ሞቶ ሁሉም ስራ ፈቷል። እኔን ያናደደኝ መቃጠሉ አይደለም፣ እኔ የተቃጠለ ነገር እንጀራዬ ነው። መብራት መስመር በኩል የገባ ነገር ከመስመሩ ጋር ምንም ግንኙነት የሌለውን የሶላር ቻርጀር ይዞብኝ መሄዱ ነው።

ከፈትኩት። መጀመሪያ ያየሁት አቧራ ነው፣ በሄትሲንኩ (ሙቀት የሚያስወጣው አሉሚኒየም) ክንፎች መሀል እንደ ድሪቶ ተጋግሮ፣ ሁለት የደረቁ በረሮዎች ጭምር። አቧራውን ጠራርጌ ስገባ ሁለት አይጂቢቲ (ትልቁን ኃይል የሚቆራርጡት ፓወር ትራንዚስተሮች) ፈንድተዋል፣ የአንዱ ፊት ተገምሷል፣ ከስሩ ያለው ቦርድ ጠቁሮ መዳቡ ተላጧል። ቴስተር ሳደርግ ፓወር ትራንዚስተር ሲሄድ ብቻውን እንደማይሄድ ታውቃላችሁ፣ የሚያዝዘውን ድራይቨር ይዞ፣ ድራይቨሩ ደግሞ ለቦርዱ ሁሉ 12 ቮልት የሚሰጠውን ትንሿን ፓወር ሰፕላይ ይዞ። የዚህ ዓይነት ሳጥን አሰራሩ እንዲህ ነው፣ የባትሪውን 24 ቮልት መጀመሪያ በሀይ ፍሪኩዌንሲ ወደ 400 ቮልት አካባቢ ዲሲ ያወጣዋል፣ ከዛ ያንን 400 ቆራርጦ 220 ኤሲ ያደርገዋል፣ ከመብራት ሲሞላም በዛው በኩል በግልባጩ ይመለሳል። ማለት ያ 400 ቮልት ባስ መሀል አደባባይ ነው፣ መንገዱ ሁሉ እዛ ነው የሚገናኘው። አደባባዩ ሲዘጋ ማንም የትም አይሄድም።

አይጂቢቲውን መርካቶ አገኘሁት፣ ድራይቨሩን አላገኘሁትም፣ ቁጥሩ ተፍቋል። አዎ፣ በአሸዋ ወረቀት ፍቀው ነው የላኩት። ሰርኪዩት ዲያግራም የለም። የሸጠልኝ ሰው ጋ ሄድኩ፣ "ዋስትናው አንድ ዓመት ነበር፣ ሦስት ወር አለፈህ፣ ሜይን ቦርዱን ከፈለግክ ላስመጣልህ" አለኝ፣ የቦርዱ ዋጋ ደግሞ ከአዲሱ ዕቃ ግማሽ በላይ። እኔ ጠጋኝ ሆኜ ለሦስት ሳምንት ታገልኩት፣ አንዴ ተነሳ፣ ጭነት ስሰጠው እንደገና ጧ። በቃኝ። እኔ እንዲህ የሆንኩ ሌላው ሰው ምን ሊሆን ነው?

ሰኔ ላይ የተለያየውን ገዛሁ። የመረጥኩት ቪክትሮን ነው፣ ሰማያዊዎቹ ሳጥኖች፣ ከ1975 ጀምሮ ያለ የሆላንድ ድርጅት ነው፣ ጀልባ ላይና ታወር ላይ በብዛት ታዩታላችሁ። ስማርትሶላር 100/50 ቻርጅ ኮንትሮለር፣ ፊኒክስ 24/1200 ኢንቨርተር፣ የባትሪውን መግቢያ መውጪያ የሚቆጥር ስማርትሻንት። ከመብራት ለመሙላት ደግሞ ሌላ የ24 ቮልት ቻርጀር ለብቻው። ፓኔሉና ባትሪው የድሮዎቹ ናቸው።

ዋጋውን ልንገራችሁና ትቀየሙኝ፣ ኦል-ኢን-ዋኑን ሁለት ጊዜ ገዝቼበት መልስ አገኝ ነበር። ለዛውም አቅሙ ያነሰ ነው፣ 1200 ቪኤ፣ በዋት 1000። ያኛው 3 ኪሎ ይል ነበር። ሚስቴ ወረቀቱን አይታ "ከፍለህ ቀነስክ?" አለችኝ፣ መልስ አልነበረኝም።

አሁን ግን ስራውን ልንገራችሁ። ፊኒክሱ ውስጥ ዶናት የሚመስል ትራንስፎርመር አለ፣ ቶሮይድ፣ ለዛ ነው ስታነሱት 7 ኪሎ አለፍ የሚለው። የድሮ አሰራር ነው፣ መጀመሪያ 24ቱን ቆራርጦ ከዛ በመዳቡ ያሳድገዋል። ብረትና መዳብ ዋጋ ያስወጣል፣ ኦል-ኢን-ዋኖቹ የሚረክሱትም ይሄን ከባድ ትራንስፎርመር በትንንሽ ሀይ ፍሪኩዌንሲ የፌራይት ትራንስፎርመር ስለሚተኩት ነው። ግን ፍሪጅ ሲነሳ ለቅጽበት ከሚበላው ብዙ እጥፍ ይጎትታል፣ መዳብ ያንን ችሎ ያሳልፋል፣ ፊኒክሱ ለአጭር ጊዜ እስከ 2200 ዋት ይሰጣል፣ ፍሪጄ ሲነሳ አምፖሉ ትንሽ ዓይኑን ጨፈን ያደርጋል እንጂ ሌላ ነገር የለም። ስራ ፈትቶ የሚበላውን ለካሁት፣ 10 ዋት አይሞላም። ለብቻው ስለሆነ ደግሞ ማታ ሳልፈልገው አጠፋዋለሁ፣ ቻርጅ ኮንትሮለሩ ግን ስራውን ይቀጥላል። ኦል-ኢን-ዋኑ ላይ ጠፋ ማለት ሁሉም ጠፋ ነው።

ብሉቱዙን ወድጄዋለሁ። ፓኔሉ ዛሬ ስንት እንዳመጣ፣ ትናንት ስንት፣ ባለፈው ወር ስንት፣ ስልኬ ላይ አያለሁ። ነሐሴ ላይ ያየሁት ቁጥር ጥቅምት ላይ ካየሁት ግማሽ የማይሞላባቸው ቀናት ነበሩ፣ ክረምት ክረምት ነው፣ ማንም ዕቃ አያድነውም።

አሁን ደግሞ የተለያየው የሚያስከፍለውን። ሻጩ ሳይሆን እናንተ ናችሁ ኢንጂነሩ፣ ይሄን አስቡበት። ሁለት ምሳሌ ልስጣችሁ፣ አንዱ ልሳሳት ስል የነቃሁበት፣ አንዱ የተሳሳትኩት።

ኦል-ኢን-ዋኑ ላይ ሁለቱ ፓኔሎች በተከታታይ ነበር የታሰሩት። አዲሱን ስሰቅል በዛው ሽቦ ልሰካ እጄን ዘርግቼ፣ ቆይ አልኩ። 100/50 የሚለው ውስጥ 100 ማለት ከፓኔል የሚገባው ቮልቴጅ በምንም ዓይነት ከ100 እንዳይበልጥ ነው፣ 50 ደግሞ ወደ ባትሪ የሚያወጣው አምፔር። የፓኔሌ ጀርባ ላይ ክፍት ቮልቴጁ (ምንም ሳይሰካበት ያለው) 49.8 ይላል። ሁለቱ 99.6፣ ከ100 በታች ነው፣ ይሆናል አይደል? አይሆንም። ያ ቁጥር በ25 ዲግሪ የተለካ ነው፣ ፓኔል ሲቀዘቅዝ ቮልቴጁ ይጨምራል፣ ህዳር ታህሳስ ላይ ጠዋት አዲስ አበባ 8 ዲግሪ ላይ ፀሐይዋ ድንገት ስትወጣ ሁለቱ አንድ ላይ 104 ይደርሳሉ። አንድ ብርዳማ ጠዋት ይበቃዋል። ስለዚህ ጎን ለጎን አሰርኳቸው፣ ቮልቴጁ 40 አካባቢ፣ ለ24 ቮልት ባትሪ በቂ ነው፣ አምፔሩ እጥፍ ስለሆነ ግን ሽቦውን ወፈር አደረግኩት። ይሄን ሂሳብ ማንም አልሰራልኝም። የሚገጥሙ ልጆች "ገብቷል፣ ሰርቷል" ብለው ሰኔ ላይ አስረው ቢሄዱ ኖሮ እስከ ህዳር ይሰራ ነበር።

የተሳሳትኩት ደግሞ ይሄ ነው። በገጠምኩ በሁለተኛው ወር ከባትሪው ወደ ኢንቨርተሩ በሚሄደው መስመር ላይ ያለው ብሬከር ጎን ፕላስቲኩ ቡኒ ሆኖ አየሁት። እጄን ጠጋ ሳደርግ ይፋጃል። የሽቦውን ጫፍ ላግ (ሽቦው በብሎን የሚታሰርበት የመዳብ ቀለበት) በፒንሳ ነበር የጨመቅኩት፣ የላግ መጭመቂያዬን ለሰው አውሼ፣ ስንፍና ነው ሌላ ስም የለውም። እስኪ አስሉት፣ ኢንቨርተሩ ሙሉ 1000 ዋት ሲሰጥ ከባትሪው 42 አምፔር አካባቢ ይስባል፣ ያቺ የላላች መገናኛ 10 ሚሊኦም ብትይዝ፣ ምንም የማይባል ነው፣ በቴስተር እንኳን በቅጡ አይታይም፣ ወደ 18 ዋት ሙቀት ጥፍር በምታክል ቦታ ላይ ይቀራል። የትንሽ መበየጃ ብረት ጫፍ በሉት። ኦል-ኢን-ዋኑ ውስጥ ይሄ መገናኛ የለም፣ ፋብሪካ ውስጥ መዳብ ባር ሆኖ በልክ ታስሯል። የተለያየው ሲስተም ደካማ ጎኑ ሳጥኖቹ አይደሉም፣ በሳጥኖቹ መሀል ያለው የኔና የእናንተ እጅ ነው።

ብሬከር ካነሳሁ አይቀር፣ መርካቶ ላይ የኤሲ ብሬከር "ለሶላርም ይሆናል" እያሉ የሚሸጡ አሉ። አይሆንም። ኤሲ በሰከንድ መቶ ጊዜ ዜሮ ላይ ስለሚያልፍ ብሬከሩ ሲከፈት እሳቱ ራሱ ይጠፋል፣ ዲሲ ዜሮ የሚባል ነገር አያውቅም፣ ብልጭታው ተለጥጦ ይነዳል። ዲሲ የሚል ተጽፎበት ካላያችሁ አትግዙ።

ሌላው ጉድለት፣ ፊኒክሱ ኢንቨርተር ብቻ ነው፣ የመብራት መስመር መቀያየሪያ ውስጡ የለም። እኔ በእጅ የሚዞር ቼንጅኦቨር ስዊች ነው የገጠምኩት፣ 1 መብራት፣ 2 ሶላር። መብራት ሲሄድ ሰው ተነስቶ ማዞር አለበት። ከዛ የቲቪው ልማድ በኋላ ይሄን ቤተሰብ ማስለመድ ቀላል አይደለም፣ ትንሹ ልጄ ግን ወዶታል፣ መብራት ሲሄድ እየሮጠ "እኔ ላዙር" ይላል። ራውተሩንና የመብራት አምፖሎቹን ሁልጊዜ ሶላር ላይ ስላደረግኳቸው የሚዞረው ፍሪጅና ቲቪ ነው። ይሄ ማይመቸው ሰው እዛው ቪክትሮን ውስጥ መልቲፕላስ የሚባለው አለ፣ ኢንቨርተር፣ የመብራት ቻርጀርና መቀያየሪያ አንድ ላይ ያደረገ፣ የሶላሩን ብቻ ውጭ የተወ። አሁን ባስበው መግዛት የነበረብኝ እሱን ነው። ለምን መሰላችሁ?

ሁሉን አንድ ላይ ማድረግ ሞኝነት አይደለም፣ እንዲያውም ፊዚክሱ የሚያስገድድበት ቦታ አለ። የስልክ ቻርጀራችሁን ተመልከቱ፣ ጋን (ጋሊየም ናይትራይድ) የሚባለው አዲሱ ትራንዚስተር ያለበት፣ ትንሽዬ ሆኖ ላፕቶፕ የሚሞላው። ያንን ቆራርጠህ በየሳጥኑ ላድርገው ብትል አይሰራም። ፈጣን ስዊች ላይ ሽቦ ጠላት ነው፣ 10 ሳንቲ ሜትር ሽቦ 100 ናኖሄንሪ አካባቢ ኢንዳክታንስ (የጅረት ለውጥን የመቃወም ባህርይ) አለው፣ 100 አምፔር በ100 ናኖሰከንድ ውስጥ ስትቆርጥ ያቺ ጣት የምታክል ሽቦ ብቻዋን የ100 ቮልት ግፊት ትፈጥራለች። ለዛ ነው ትራንዚስተሩን፣ ድራይቨሩንና ካፓሲተሩን ሚሊሜትር አጠጋግተው አንድ ሞጁል ውስጥ የሚያስገቧቸው። እነዚህ ካልተጠጋጉ ስራ የለም፣ አንዱ ሲሞትም ቢሆን ሌሎቹ አብረው ስለሚሄዱ አንድ ላይ መጣላቸው ያስኬዳል። ኢንቨርተርና የመብራት ቻርጀርም እንደዛ ናቸው፣ አንዱ የሌላው ግልባጭ ነው፣ በአንድ ትራንስፎርመርና በአንድ ትራንዚስተር ስብስብ ሁለቱንም ስራ መስራት ይቻላል፣ አብረው ቢሆኑ አልቃወምም። የሶላር ቻርጀሩ ግን ከመብራት መስመሩ ጋር ምን አገናኘው? አንዱ ጣራ ላይ ያለ ዲሲ ነው፣ አንዱ ከሰፈር ትራንስፎርመር የሚመጣ፣ ማን ምን እንደላከበት የማይታወቅ መስመር። ግድቡም ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ተመርቋል፣ ደስ ብሎናል፣ ግን የኔ ሳጥን የሞተው በማመንጨት እጥረት አይደለም፣ ሰፈር ውስጥ ባለው መስመር ነው።

ታወር ላይ ስሰራ ያየሁት ነው ይሄን ያስተማረኝ። እዛ ያለው ሬክቲፋየር (ኤሲን ወደ ዲሲ የሚቀይር) ካቢኔ መደርደሪያ ነው፣ 48 ቮልት፣ መጽሐፍ የሚያካክሉ ሞጁሎች ጎን ለጎን ተሰክተዋል፣ እያንዳንዳቸው 2 ኪሎዋት ምናምን። ለጭነቱ ሦስት የሚበቃ ከሆነ አራት ይሰካል። አንዱ ሲሞት ቀይ መብራት ያበራል፣ የቀሩት ሸክሙን ይካፈላሉ፣ ታወሩ አይወርድም፣ እኔ ሌሊት ተጠርቼ አልሄድም፣ በነጋታው ሄጄ እጀታውን ስቤ አወጣና አዲሱን ጠቅ አደርጋለሁ፣ ሲስተሙ ሳይጠፋ፣ ሁለት ደቂቃ። ልብ በሉ፣ እያንዳንዱ ሞጁል ውስጡ ሲታይ ደግሞ ድብን ያለ የተጠቀጠቀ ቦርድ ነው፣ ማንም ሳይት ላይ አይከፍተውም። ውስጡ አንድ ላይ፣ ውጭው ተለያይቶ። መስመሩ የት ላይ ነው የሚሰመረው ነው ጉዳዩ፣ ሻጮቹ ግን አንድ ወይ ብዙ አድርገው ነው የሚያወሩት።

መኪናም ላይ መጥቶብናል እኮ ይሄ ነገር። የነዳጅ መኪና ማስገባት በ2016 ከተከለከለ ወዲህ ከተማው በኤሌክትሪክ ሞላ፣ ቢዋይዲ በአዲሶቹ መኪኖቹ ላይ ስምንት ነገር በአንድ የሚባል አለው፣ ሞተሩ፣ የሞተሩ ኮንትሮለር፣ ጊሩ፣ የቤት ቻርጀሩ፣ ዲሲ ቱ ዲሲው፣ የባትሪ ማኔጅመንቱ ሳይቀር አንድ እቅፍ ውስጥ። ክብደት ይቀንሳል፣ ቦታ ይቆጥባል፣ ለፋብሪካው ወርቅ ነው። ኩላንቱም አንድ መስመር ይበቃዋል። ከዋስትና በኋላ የቤት ቻርጀሩ ብቻ ሲሞት ምን እንደሚደረግ ግን ጋራዥ ያሉ ጓደኞቼ እየተማሩት ነው፣ በሰው መኪና።

እና ምን ልግዛ ለምትሉኝ። ኮንዶሚኒየም ወይም ኪራይ ቤት ያለ፣ የራሱ ጣራ የሌለው፣ መብራት በሳምንት ሁለቴ ሦስቴ የሚሄድበት፣ ቲቪና ዋይፋይ የሚያኖር፣ ኦል-ኢን-ዋኑን ግዛ፣ አትቸገር። ግን ከፊቱ ጥሩ ሰርጅ ፕሮቴክተርና መብራት ሲመጣ ሦስት አራት ደቂቃ ቆይቶ የሚለቅ ዲሌይ ያለው መከላከያ አድርግ፣ የኔን የገደለው ያ መምጣት መሄዱ ነው፣ እሱ ቢኖረኝ ዛሬ ይሄን ጽሁፍ አልጽፍም ነበር ይሆናል። በስድስት ወር አንዴ አቧራውን አስነፋ። ካፓሲተር በየ10 ዲግሪው ሙቀት ዕድሜው በግማሽ ይቀንሳል፣ አቧራ ማለት ሙቀት ነው። ሲበላሽ እንደምትጥለው አውቀህ ግዛው፣ የመተኪያውን ገንዘብ ከአሁኑ አስቀምጥ።

ፋርማሲ ያለህ፣ ክትባት ፍሪጅ ያለህ፣ ክሊኒክ፣ ከአዲስ አበባ ወጣ ብሎ ቴክኒሻን ለማግኘት አንድ ቀን የሚያስኬድ ቦታ ያለህ ሰው ግን፣ የሶላር ቻርጀሩን ለይ። የግድ ቪክትሮን አይደለም፣ ርካሽም ቢሆን የተለየ ይሁን። ኢንቨርተሩ ቢሞት ባትሪህ እየሞላ ይቆያል፣ 24 ቮልት የዲሲ አምፖል እንኳን ይበራልሃል፣ ከጎረቤት ኢንቨርተር ተውሰህ ታስርበታለህ። እኔ ጥቅምት ላይ ፊኒክሱን ለአንድ ወዳጄ ለሠርግ ሁለት ቀን አውሼው ነበር፣ ቤቴ በራውተርና በዲሲ አምፖል አደረ፣ ባትሪውም ሞልቶ ጠበቀኝ። ኦል-ኢን-ዋን አውስ እስኪ።

ነጥብ ስጥ ካላችሁኝ፣ ለኦል-ኢን-ዋኑ ከ10 ስድስት፣ ሦስቱ ለቀላልነቱ ብቻ። ለተለያየው ስምንት፣ ሁለቱን የቀነስኩት አንዱን ለዋጋው አንዱን ለቼንጅኦቨሩ። ለራሴ ለላጉ ነገር ምንም አልሰጥም። የላግ መጭመቂያዬን የወሰድከው ልጅ ይሄን ካነበብክ መልስ፣ ሰባት ወር ሆነው።

የሞተው ሳጥን አሁንም እኔ ጋ ነው። ፋኑን ለአንድ የእንቁላል መፈልፈያ ሰጥቼዋለሁ፣ በደንብ እየሰራ ነው። ሄትሲንኩ ያምራል፣ ወፍራም አሉሚኒየም ነው፣ ሪሌዎቹም ጤነኞች ናቸው፣ አያት አካባቢ ያለ የሚፈልግ ካለ መጥቶ በነጻ ይውሰድ። ሜይን ቦርዱን ግን አትጠይቁኝ፣ የተፋቀውን ቺፕ ቁጥር እስካገኝ ጠረጴዛዬ ላይ ይቆያል።